የሰጡትና የተወሰደባቸው

በ1995 ዓ.ም. ጥር 24 ቀን፣ ዕለቱም ቅዳሜ ነበረ፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የስባረ ዐፅማቸው መታሰቢያ በመላው ኢትዮጵያ ሲከበር ውሎ ቀኑ ወደ 11 ሰዓት በተቃረበ ጊዜ፣ ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር፣ 16 ቀን በጠፈር ቆይታ ወደ ምድር ለማረፍ 16 ደቂቃ ያህል ሲቀራት፣ ሰባት ሰዎችን እንደ ያዘች በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታትና ጠፋች። በደብረ መንክራት ጻድቁ በስማቸው የተገደመ ገዳም ባላቸው፣ ከንጉሥ ሞቶሎሚ ጋር ያደረጉት ተጋድሎም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር በኖረባት በወላይታ ምድር ለሚኖር ሰው፣ ይህ ዕለት ሁለት ዓይነት መከራ የሚታሰብበት ዕለት ሆኗል።

ለመገጣጠሙ ምሥጢር አልፈልግለትም፤ የዘመን አቈጣጠር ብዙ ነገሮችን እንዲሁ ያጋጥማልና። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስባቸው፣ ስለ መሥዋዕትነት በሚነገረው ሁሉ ውስጥ ተለይቶ ሊታይ የሚገባው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ጻድቁ፣ በገድላቸው እንደሚነገረው፣ ከቁም ጸሎት ብዛት የተነሣ አንድ እግራቸው በተሰበረ ጊዜ፣ የሰጡትን ሁሉ ከገዛ ሰውነታቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው፣ የሚያስከፍላቸውንም ዐውቀው ሰጡ፤ ሌላ ሰው የወሰደባቸው ምንም ነገር አልነበረም። የመንኮራኩሪቱ ሰዎች ግን ከፊሉን ራሳቸው ሰጡ፣ ከፊሉ ተወሰደባቸው፤ እኛም በአደጋ ላይ የወደቁትን በምናለቅስበት ጊዜ የሰጡትን ከተወሰደባቸው ካልለየን፣ ውዳሴያችን ሳናውቀው በደልን የሚሸፍን መጋረጃ ይሆናል።

የኮሎምቢያ አለቃ የነበረው ሪክ ሃዝባንድ ከመሄዱ በፊት፣ እርሱ በጠፈር ሳለ ሁለቱ ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩትን የጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ በቪዲዮ ቀርጾ ትቶላቸው ነበር። ካልፓና ቻውላ ካርናል ከምትባል የህንድ ከተማ ተነሥታ፣ በዚያች አገር ተወልደው ወደ ጠፈር ከወጡት ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ነበረች። የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን ደግሞ፣ በአውሽቪትስ የተገደለ አንድ ታዳጊ ምድር ከጨረቃ ላይ ሆና ስትታይ ምን እንደምትመስል በልቡ አስቦ የሣላትን ሥዕል ቅጂ ይዞ ነበር። እነዚህ ሰዎች ወደ መንኮራኩሪቱ ሲገቡ አደጋ መኖሩን አልሳቱም፤ በ1978 ዓ.ም. ጥር 20 ቀን ቻሌንጀር ከመሬት በተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ተበታትና ሰባት ባልንጀሮቻቸው እንዳለቁ፣ ከዚያም አስቀድሞ በ1963 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን ሦስት የሶቪየት ጠፈርተኞች በሶዩዝ 11 ውስጥ አየር አልቆባቸው ሞተው ወደ ምድር እንደ ተመለሱ ያውቁ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቁ መውጣታቸው የሰጡት ነው፤ ማንም ሊቀንስባቸው አይችልም።

ነገር ግን ኮሎምቢያ በተነሣች ወደ 82ኛው ሴኮንድ ላይ፣ ከውጭ ከተያያዘው የነዳጅ ጋን የተላቀቀ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ የማይሞላ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መትቶ ሸነቈረው። በምድር የነበሩት መሐንዲሶች ፈርተው፣ ክንፉ በሳተላይት ፎቶግራፍ እንዲታይላቸው ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ግን አለቆቻቸው ዘንድ ወድቆ ቀረ፤ ለጠፈርተኞቹም የተላከላቸው መልእክት ነገሩ የሚያሠጋ አይደለም የሚል ነበር። ፈቃድ ዕውቀትን ይከተላልና፣ ሰው ያልተነገረውን አደጋ በፈቃዱ ተቀበለው ሊባል ከቶ አይቻልም። ስለዚህም በእነዚያ 16 ቀናት ውስጥ የሆነው ነገር፣ ምንም እንኳ ፍጻሜው ያው ሞት ቢሆን፣ ከእነርሱ ስጦታ ጋር ሊደባለቅ አይገባውም።

የቻሌንጀር ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ልብን ያቈስላል፤ መሐንዲሶቿ አስቀድመው ዐውቀው ነበርና። መንኮራኩሪቱ በምትነሣበት ዋዜማ ሌሊት፣ ሮኬቱን የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ከእነርሱም አንዱ ሮጀር ቦዦሌ፣ የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት በብርድ ጊዜ ስለሚደርቅ፣ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ በታች ከሆነ መነሣት አይገባትም ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። አለቆቻቸው መጀመሪያ ከእነርሱ ጋር ተስማሙ፤ በኋላ ግን ከበላይ የመጣው ግፊት ሲበረታባቸው ቃላቸውን አጠፉ። በማግሥቱ ሙቀቱ 2 ዲግሪ ገደማ ነበረ። ከሰባቱ አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ፣ ከ11 ሺህ በላይ ከሚሆኑ አመልካቾች መካከል የተመረጠች አስተማሪ ስትሆን፣ ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ይመለከቷት ነበር። ያቺ አስተማሪ ሕይወቷን ለትምህርት ሰጠች ማለት እውነት ነው፤ እውነቱ ግን በዚያ አያበቃም፤ በዚያ ሌሊት በአንድ ክፍል ውስጥ የተነገረውን ነገር ሰምታ ኖሮ ምን ትል እንደ ነበረ የመምረጥ መብቷን ሌሎች ወስደውባታልና።

በዚህ ነገር ላይ ሳስብ፣ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ የሚገኝ አንድ ታሪክ ዘወትር ወደ ኅሊናዬ ይመለሳል። ንጉሥ ዳዊት በምሽጉ ሳለ በቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለው ጕድጓድ ውኃ ለመጠጣት ተመኘ፤ ሦስቱ ኃያላንም ምኞቱን ሰምተው፣ የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ሰንጥቀው ሄደው፣ ውኃውን ቀድተው አመጡለት፤ እርሱ ግን በነፍሳቸው ተወራርደው የሄዱ ሰዎችን ደም እንደ መጠጣት ስለ ቈጠረው በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰው። በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ነገር ሦስቱም በሕይወት መመለሳቸው ነው። አንድም ሰው አልሞተም፤ ዳዊት ግን ውኃውን ደም ብሎ ጠራው። ሌላ ገዥ ቢሆን ኖሮ፣ ሄደው በሰላም ከተመለሱማ መንገዱ ያን ያህል አያሠጋም ብሎ በማግሥቱ ደግሞ ይልካቸው ነበር። የኮሎምቢያ አለቆች ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ የአረፋው ቁራጭ ከዚያ በፊት በብዙ በረራዎች ላይ ተላቅቆ ነበር፤ መንኮራኩሮቹ ግን በሰላም ስለ ተመለሱ፣ መመለሳቸው የደኅንነት ምስክር ተደርጎ ተቈጠረ፤ የመጀመሪያ ቀን ያስደነገጠው ነገር በዓመታት ብዛት ልማድ ሆነ። አደጋውን የመረመረው ጉባኤም ከአረፋው ቁራጭ ያላነሰ ጥፋት ያገኘው በዚህ ልማድ ውስጥ ነበር። ዳዊት ከመጠጣት የተቈጠበው ነገር በየበረራው ያለ ጸጸት ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው።

ከሰጡትም ከተወሰደባቸውም መካከል፣ ምንም ሳይሰጡ ሁሉ የተወሰደባቸው መኖራቸውን መርሳት አይገባንም። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ወጣቱ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አሕመድ ኑር መሐመድ፣ በአንድ የተሳሳተ መለኪያ ምክንያት አፍንጫውን ወደ ምድር ከሚደፋ መሣሪያ ጋር እስከ መጨረሻው ታገሉ። ከእነዚያ ሰዎች ሞት በኋላ ያ ዓይነት አውሮፕላን በዓለም ሁሉ ከበረራ ታገደ፤ ስለዚህም ለሌሎች ደኅንነት የተከፈለ ዋጋ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን አልቀበልም። ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ቲኬት የቈረጠ መንገደኛ ለማንም የከፈለው ዋጋ የለም፤ ከእርሱ የተወሰደውን እርሱ እንደ ሰጠ አድርጎ መናገር፣ ሞቱን ሁለተኛ ጊዜ መውሰድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ምድር እመለሳለሁ። ከሶዶ ተነሥቶ ወደ ሳውላ የሚወስደው መንገድ የሚያገናኘን የጎፋ ሰዎች፣ ለወላይታ ሰው በቋንቋም በዝምድናም ቅርብ ናቸው፤ በሰሜን ኦሞ ዞን በአንድ አስተዳደር ሥር ኖረናል፤ ዛሬም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በአንድነት ስንኖር የክልሉ ርእሰ መስተዳድር መቀመጫ ሶዶ ናት። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ከተራራው ላይ የተናደ አፈር ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። የአካባቢው ሰው እሪታውን ሰምቶ መጣ፤ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ባለሙያዎች ከገበሬዎቹ ጋር አብረው፣ አካፋ የያዘ በአካፋው፣ ያልያዘ በእጁ፣ ከአፈሩ በታች የነበሩትን ለማውጣት መቈፈር ያዙ። እነርሱ በዚያ ጭቃ ላይ ሳሉ፣ ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን፣ ከበላያቸው የነበረው ተራራ ዳግመኛ ተናደና የሚቈፍሩትን ከሚቈፈርላቸው ጋር አንድ አድርጎ ሸፈነ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሟቾቹን ቍጥር 257 ብሎ መዘገበ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ከሐምሌ 20 ጀምሮ ሰንደቅ ዓላማው ዝቅ ብሎ ተውለበለበ።

ነገሩን በቍጥር ብቻ የሚመዝን ሰው ሊል የሚችለውን ዐውቃለሁ፤ በጥቂት ቤቶች ውስጥ የነበሩትን ለማዳን ሲባል ከዚያ እጅግ የሚበዙ ሰዎች አለቁ፤ አንድም ሰው ባይሄድ ኖሮ ኀዘኑ ትንሽ ይሆን ነበር ይላል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ሚዛኑ ግን ከመጀመሪያው ለሌላ ነገር የተሠራ ነው። እሪታ ሰምቶ የሚሮጥ ሰው የሚያድነውን ነፍስ ብዛትና የሚጠፋውን ነፍስ ብዛት አስልቶ አይሮጥም፤ ቢያሰላማ ኖሮ በተራሮቻችን ላይ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ዕለት ዕለት በሚገናኘው ጎርፍና እሳት ፊት እያንዳንዱ ለብቻው በቀረ ነበር። ሴቲቱ በሌሊት ምጥ ሲይዛት ጎረቤት የሚወጣው፣ ቤት ሲቃጠል መንደሩ ውኃ ይዞ የሚደርሰው፣ እሪ ያለ ሰው ያለ ጥርጥር ሰው ይደርስልኛል ብሎ የሚያምነው፣ ከእርሱ በፊት የሮጡት ሰዎች ሳያሰሉ ስለ ሮጡ ነው። በኬንቾ ሻቻ የወደቁት የሰጡት ይህንን ነው፤ ከሥራቸው ውጤት የማይለካ፣ አንድ ሕዝብ በአንድነት እንዲኖር የሚያደርገውን እምነት በሕይወታቸው አጸኑት። ጠፈርተኛው ለብዙ ዓመት ሠልጥኖ፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ፣ ቀኑ ተቈርጦለት ይወጣል፤ መምህሩ ግን ሐምሌ ሰኞ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ማንንም አልተሰናበተም። የጠፈርተኛውን ክብር ሳልቀንስ፣ የመምህሩን ከዚያ አላሳንሰውም፤ እንዲያውም ነገሩን ባሰብሁት ቍጥር የመምህሩ ስጦታ ከማናቸውም ነገር ያልተቀላቀለ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ከፊቱ የሚጠብቀው ስም፣ ሽልማት፣ የታሪክ መዝገብ አልነበረምና።

በሶዶ የልቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ፍትሐትና ተዝካር የሚያወጣው የኦርቶዶክስ ቤተ ሰብና በመዝሙር የሚጽናናው የቃለ ሕይወት ምእመን፣ የእድር አባልነት አንድ አድርጎአቸው ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። በሥርዓቱ ቢለያዩም፣ እንዲህ ያለ ሞት በሆነ ጊዜ በሁለቱም ዘንድ አንድ ቃል ይሰማል፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ቀናቸው ደርሶ ነው ይባላል። ይህ ቃል ለኀዘንተኛ መጽናኛ ነውና እኔም ተናግሬዋለሁ፤ ወደ ፊትም እናገረዋለሁ። ነገር ግን ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች በተናገረ ጊዜ፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ስለ ነበሩ አይደለም ብሎ ሞታቸውን ከኀጢአታቸው ለየው፤ ወዲያውም ቃሉን ወደ ሰሚዎቹ አዞረና ስለ ራሳቸው እንዲያስቡ አደረጋቸው። ከዚህ የምረዳው፣ የሞቱትን መክሰስ እንደማይገባ ሁሉ፣ በሕይወት ያለነው ራሳችንን ሳንመረምር ከድንኳኑ መነሣት እንደማይገባን ነው። ፈቃደ እግዚአብሔርን የምንጠራው ለኀዘንተኛው ልብ ማረፊያ ሊሆን ይገባል፤ ኀላፊነት ላለበት ሰው መሸሸጊያ በምናደርገው ጊዜ ግን ስሙን በከንቱ እንጠራለን።

እንግዲህ ከጎፋ ሰዎች የተወሰደው ምን ነበር? አካፋቸውን ይዘው ሲደርሱ፣ አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለት ከበላዩ ድጋፉን አጥቶ፣ ውኃ ጠጥቶ የከበደው አፈር ተንጠልጥሎ እንደሚቀር፣ ስለዚህም ሁለተኛው ናዳ ከመጀመሪያው ይልቅ ሊያሠጋ እንደሚችል የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይህ ዕውቀት በዓለም ላይ የነበረና ያለ ዕውቀት ነው፤ ወደ እነርሱ ግን አልደረሰም፤ ስለዚህም በዓይናቸው ያዩትን አደጋ ቢቀበሉም፣ ያልተነገራቸውን አልተቀበሉም። ከኮሎምቢያ ሰዎች ጋር የሚያስተካክላቸውም ይህ ነው። ለእኛ ደግሞ ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ በ2008 ዓ.ም. ግንቦት በዚሁ በወላይታ ዞን ጎርፍና የመሬት ናዳ ብዙ ሰዎችን ገድሎ ነበር፤ በጎፋ ልቅሶው ገና ሳይበርድም፣ ሐምሌ 29 ቀን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ ናዳ ከ10 የሚበልጡ ወላይታዎችን ቀበረ። የሕዝባችን ብዛት ከመሬቱ ጋር ሳይመጣጠን፣ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ማሳ እያነሰ ሲሄድ፣ ቤት ይሠራበት ያልነበረው ገደላማ ስፍራ ይታረሳል፣ ይኖርበታል፤ ሥሩ አፈሩን ይዞ የነበረው ዛፍ ይቈረጣል። ይህ የድኾች በደል አይደለም፤ ሌላ መሬት የላቸውምና። ነገር ግን ክረምት አልፎ በጋ በመጣ ቍጥር፣ ቤቱ ሳይናድ የቀረው ሁሉ ቁልቁለቱ ለመጽናቱ ምስክር ሆኖ ይቈጠራል፤ አረፋው በየበረራው ሲላቀቅ መንኮራኩሯ ስለ ተመለሰች ዝም እንደ ተባለ ሁሉ፣ እኛም በየክረምቱ ዝም ብለናል።

በልቅሶ ጊዜ ጥፋተኛ መፈለግ የሟቹን ነፍስ ያውካል የሚሉ ደጋግ ሰዎች አሉ። ጥፋተኛ ተብሎ የሚወገር ሰው መፈለጉን እኔም አልወደውም፤ በቀል ለኀዘን የሚመች ጎረቤት አይደለም። ሆኖም አሜሪካውያን ሰባት ሰባት ሰዎቻቸውን በቀበሩ ጊዜ ያደረጉት አንድ መልካም ነገር ነበር፤ በየዓመቱ በጥር ወር የወደቁትን ስም እየጠሩ የሚያስቡበት ቀን ለዩ፤ ከዚያም ጋር ምን እንደ ተሰወረ፣ ማን እንደ ተናገረ፣ ማን ዝም እንዳለ የሚመረምር ጉባኤ አቁመው የተገኘውን ሁሉ በይፋ አሳተሙ፤ ሁለቱን አልነጣጠሉም። መታሰቢያው የሰጡትን ያከብራል፤ ምርመራው የተወሰደባቸውን ይመልሳል፤ ለእነርሱ ባይመለስም ከእነርሱ በኋላ ለሚወጡት ይመለሳል።

ለእኛም የሚገባን ይኸው ነው። የኬንቾ ሻቻ ጎዝዲና የኪንዶ ዲዳዬ ሰዎች ስም የክልላችን ርእሰ መስተዳድር መቀመጫ በሆነችው በሶዶ፣ ሰው ሊያነበው በሚችልበት ስፍራ ተጽፎ ይቁም፤ ለማዳን ሄደው የወደቁትም በየዓመቱ ሐምሌ 15 ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ ይታሰቡ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ከክረምቱ አስቀድመው ወደ ቁልቁለቶቹ ይውጡ፤ ከቤቶች በላይ መሬቱ መሰንጠቁን፣ ዛፍ መዝመሙን፣ ጥርት ብሎ ይፈልቅ የነበረ ምንጭ መደፍረሱን ሕዝቡ ራሱ መለየት እንዲችል በቋንቋው ያስተምሩት፤ በዚያ ሊኖር የማይገባውንም መንግሥት ሌላ መሬት ሰጥቶ ያንሣው። እናንተም፣ ይህን የምታነቡ የእድር ዳኞችና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ሰዎቻችሁን ከመሮጥ አትከልክሉ፤ ነገር ግን ናዳ በወደቀበት ስፍራ ማንም አካፋ ከማንሣቱ በፊት ከበላይ ያለውን ተራራ የሚመለከት ሰው ከአደጋው ርቆ በሚያይበት ስፍራ ይቁም፤ በእጁም ለሞት የምትነፉትን ጥሩንባ ስጡት፤ ጥቂት ጥቂት ሰው እየተፈራረቀ ይቈፍር፤ ጥሩንባው ሲነፋ ሁሉም ይሽሽ። ይህን ከመጪው ሰኔ በፊት በየቀበሌው ተነጋገሩበት።